ዝም እንዳትዪ

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤
የእኛ ግን እስካንገቱ ተቀብሮ ይኖራል።
ጩሪ እንለዋለን በኢሜሬቲ። ጠጠር አይሻም፣ ምድር አቅፋዋለች፤
አፉን ብቻ ለእኛ ትታልናለች።

ወይኑ ሊለቀም ሳምንት ሲቀረው
ጋኑ ይታጠባል፤ ሕጉ ይኸው ነው።
ውሃ ከላይ ቢደፉበት አይጠራም፤ ሰው መግባት አለበት፣
ተሸማቆ በአንገቱ፣ ተዝናንቶ በሆዱ፣ የቼሪ ልጥ ይዞ ሊፍቅበት።

ድሮ እኔ ነበርኩ፤
የስምንት ዓመት ልጅ፣ ጎድኔ ከሩቅ የሚቆጠር።
አባቴ ቫርላም በብብቴ ይዞ ሲያወርደኝ ወደ ሥር
«ዝም አትበል» ይለኝ ነበር።
«ዝፈን። ዜማ ቢጠፋህ ቁጠር፤
ቁጥር ቢጠፋህ ስደበኝ፣ ዛሬ ተፈቅዶልሃል።
ወይን ሲፈላ ትንፋሹን ከታች ትቶት ይሄዳል፤
አይሸትም፣ አይታይም፤
ስንቱን ጎልማሳ አስተኝቶታል፣ ሳል እንኳ አላሳለውም።»
እኔም እሰድበው ነበር። ድምፄ የጋኑን ሆድ ዞሮ
ይመለሳል፣ ጳጳስ ሆኖ፣ ወፍሮ።

ዛሬ ግን ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ሆኛለሁ።
አምና እምቢ ብዬ፣ ትንፋሼን ውጬ ሞክሬአለሁ፤
የጋኑ አፍ ወገቤን ነክሶ ያዘኝ።
ላማራ፣ ሚስቴ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ፤
ጎረቤቴ ጉቻ ገመድ ፍለጋ ወጥቶ
ተመለሰ፣ ግማሹን መንደር ነድቶ።

ስለዚህ ዘንድሮ ተራው የኔስታን ነው፣ የልጄ።
ሻማ አስቀድሜ አወረድኩ በእጄ፤
እስከ ታች ነደደ። ከዚያ እሷን፣ የእናቷን ቦቲ አጥልቃ፣
ከንፈሯን ነክሳ፣ ባትሪ ግንባሯ ላይ ታጥቃ።
የጋን ውስጥ መብራት ሲሉ የተደበቀ ማለታቸው ነው፤
የእሷ ግን በአፉ ወጥቶ ጣራውን ሲያስሰው
የሸረሪቱን ድር ሳይቀር አየሁ።
«ዝም እንዳትዪ» አልኳት።
«እሺ፣ የሰባትን ብዜት እላለሁ።»

ሰባት ጊዜ ሁለት፣ አሥራ አራት። ፍቅ ፍቅ።
ሰባት ጊዜ አምስት፣ ሠላሳ አምስት። ፍቅ ፍቅ።
ሰባት ጊዜ ሰባት፣ አርባ ዘጠኝ። ፍቅ።
ሰባት ጊዜ ስምንት

ምንም።

የልጡም ድምፅ የለም።
ጉልበቴ መሬት ሲመታ አልተሰማኝም።
ያ ጠባብ አንገት! ያ ዕድሜ ልኬን የበላሁት ዳቦ!
እጄን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩ፤
ብርሃን ብቻ ጨበጥኩ።
«ኔስታን!» ብዬ ስጮህ
የመለሰልኝ የራሴው ድምፅ ነው፣ ቀጥኖ፣
የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ።

ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰልችቶት፣ ከሥር፦
«ሃምሳ ስድስት። ምነው? እያሰብኩ እኮ ነበር።»

ላማራ ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ነጩን ወይን፣ ጾሊኮውሪውን፣ ረገጥነው፤
ከጥቂት ድፍድፍ ጋር ጋኑ ውስጥ ገለበጥነው።
የአክስቴ ልጅ ሮስቶም ከኩታይሲ እየደወለ
እርሾ ግዛ፣ ቴርሞሜትር ግዛ፣ ዘመኑ ሠለጠነ ይለኛል፤
እኔ ጆሮ አለኝ፤ ይበቃኛል።
ሌሊት አጠገቡ ተጋድሜ አደምጣለሁ፤
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሲንሾካሾክ እሰማለሁ፤
ቀን አራት ጊዜ ድፍድፉን በዱላ ወደ ታች እገፋለሁ።
በሦስተኛው ሳምንት ካፊያው ጠብ ጠብ ሆነ።
ከዚያ ተወ።

ልጅ ዝም ሲል ልብ ይቆማል፤
ወይን ዝም ሲል ደረሰ ይባላል።
ይህን አውቃለሁ። አባቴ ነግሮኛል።

ቢሆንም፣ ክዳኑን በጭቃ ከመምረጌ በፊት፣
ላማራ ጓዳ ሳለች፣ ኔስታንም ትምህርት ቤት፣
አፌን ከአፉ ገጥሜ፣
ግራ ቀኜን ተገላምጬ፣ እንደ ሌባ አቀርቅሬ፣
«ሰባት ጊዜ ስምንት?» አልኩት።

የሚጮኸው ባዶ ጋን ነው።
ይህ ሙሉ ነው።
ትንሽ ቆየሁና
ጭቃውን መረግሁ።